ከፍተኛ የኦክስጅን ፍሰት የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ጉዞ፤ ጓሳን እንደ ምሳሌ

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር የሚገኘው የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረበት ይህ አገር፣ ለጤነኛ ሰው ቀዝቃዛና ንጹሕ አየር ያለበት ደጋ ነው። በቤቱ ሆኖ በደቂቃ 4 ሊትርና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ለሚወስድ ሕመምተኛ ግን ከፍታው ራሱ የሕክምና ጥያቄ ያስነሣል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት የመንዝ ተወላጅ በአዲስ አበባ ታክሞ ሲወጣ፣ በማዘዣው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰፍረው የፍሰቱ መጠን ብቻ ነው። ሕመምተኛው ግን ለበዓል አገሩ መግባት፣ ለቅሶ መድረስና ቤተ ክርስቲያን መሳለም ይፈልጋል። ያለ ስሌት «ሂድ» ማለት ለአደጋ ያጋልጠዋል፤ ያለ ስሌት «አትሂድ» ማለትም ከዘመድ ወዳጁ ለይቶ በአንድ ክፍል ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 የታተሙት ሁለት ታዋቂ ጥናቶች፣ ከባድ የኦክስጅን እጥረት ላለባቸው የሳንባ ሕሙማን በቀን ቢያንስ ለ15 ሰዓት የሚሰጥ ኦክስጅን ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይተዋል። የተራዘመው ዕድሜ ከሰው ጋር የሚኖሩበት እንዲሆን ማድረግ ደግሞ የሕክምናው አካል ነው። ስለሆነም የኦክስጅን ማዘዣ ለአልጋው ብቻ ሳይሆን ለመንገዱና ለከፍታውም መጻፍ ይኖርበታል።

ከፍታው ምን ይለውጣል?

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ ከከፍታ ጋር የሚቀንሰው የአየር ግፊቱ ነው። በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ወደ 111፣ በደብረ ብርሃን ወደ 106፣ በጓሳ በ3,500 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 96 ይወርዳል። የመንገደኞች አውሮፕላን የውስጥ ግፊት ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ወደ ጓሳ የሚወጣ ሕመምተኛ አውሮፕላን ከሚሳፈረው ይልቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለ አየር ይገባል ማለት ነው።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ በደቂቃ 4 ሊትር የሚወስድ ሕመምተኛ 36 በመቶ ያህል ኦክስጅን ይተነፍሳል። ተመሳሳይ ግፊት በጓሳ ለማግኘት ወደ 42 በመቶ ስለሚያስፈልገው፣ ፍሰቱ በደቂቃ ከ5 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህ ግን ግምት ነው። ትክክለኛው መጠን የሚወሰነው ሕመምተኛው ሲቀመጥ፣ ሲራመድና ሲተኛ በፐልስ ኦክሲሜትር እየተለካ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመከማቸት ሥጋት ባለባቸው ሕሙማን ግቡ ከ88 እስከ 92 በመቶ ስለሆነ፣ «ለከፍታው» ተብሎ ፍሰቱን ያለ ልክ መጨመር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ መሆኑን ገልጿል። ስለሆነም የደጋ ነዋሪ ሙሌት ዝቅ ብሎ ሲገኝ «ከፍታው ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ ያሻል።

ስንት ሲሊንደር ይበቃል?

በሲሊንደር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚሰላው የሲሊንደሩን የውኃ መጠን በግፊቱ በማባዛት ነው። 10 ሊትር የሚይዝ፣ በ150 ባር የተሞላ ሲሊንደር 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይሰጣል። በደቂቃ 6 ሊትር የሚወስድ ሰው ይህን ከ4 ሰዓት ጥቂት አልፎ ይጨርሰዋል። ጉዞው 7 ሰዓት ቢፈጅ 2,520 ሊትር ያስፈልጋል። መንገድ በዝናብ፣ በናዳ ወይም በፀጥታ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል ግማሹን መጠባበቂያ አድርጎ መጨመር ይገባል፤ ድምሩ 3,780 ሊትር፣ ማለትም 3 ሲሊንደር ይሆናል። ይህም ለመሄጃው ብቻ ነው፤ የሚቆይበትና የሚመለስበት ለየብቻ ይሰላል። ሲሊንደሮቹ በመኪናው ውስጥ እንዳይንከባለሉ በጥብቅ ይታሰሩ፤ መስኮት በጥቂቱ ይከፈት፤ በመኪናው ውስጥ ማንም ሲጋራ አያጭስ።

ኮንሰንትሬተር ለሚጠቀም ሰው ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ አለባቸው። አንደኛ፣ መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ በትክክል ይሠራል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መስፈርት የሚጠይቀው ቢያንስ እስከ 2,000 ሜትር እንዲሠራ ነው፤ ጓሳ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ኃይሉ ከየት ይገኛል? 5 ሊትር የሚሰጥ መሣሪያ 350 ዋት ያህል ስለሚፈልግ የመኪና ሲጋራ መለኮሻ ሶኬት አይችለውም፤ መብራት ቢጠፋም የሚተካው ሲሊንደር በአጠገቡ መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ በእጅ የሚያዘው ትንሹ መሣሪያ ፍሰቱ የማያቋርጥ ነው ወይስ ከትንፋሽ ጋር የሚቆራረጥ? በሚቆራረጠው ላይ የተጻፈው «5» በደቂቃ 5 ሊትር ማለት አይደለም።

እሳት፣ ቅቤና ጋቢ

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን እጅግ ያፋጥናል። በመንዝ ቤት ውስጥ ምድጃ፣ የቡና ከሰልና ኩራዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጧፍና የዕጣን ፍም አሉ። ሕመምተኛው ከእነዚህ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ምድጃው ወደ ሌላ ቤት ቢዛወር ከአደጋውም ከሳንባ ጎጂው ጭስም ይጠብቀዋል። በቅዳሴ ጊዜ በቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ማስቀደስ ይችላል፤ ይህ ብዙ ምእመናን የሚያደርጉት ስለሆነ ከሰው የሚለየው ነገር አይኖርም።

ጋቢ፣ ባናና ሌላው ልብስ ኦክስጅን ይዘው ስለሚቆዩ፣ መሣሪያው ከተዘጋ በኋላም ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይናፈሱ ወደ እሳት መጠጋት አይገባም። ጸጉርን ቅቤ መቀባት የተለመደ ስለሆነም ጉዳዩ በግልጽ መነገር አለበት፦ ቅቤ ወይም ዘይት በነካ እጅ የሲሊንደርን መክፈቻና ሬጉሌተር መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ቅባትን ሊያቀጣጥል ይችላል። አፍንጫ ሲደርቅም ቫዝሊን ሳይሆን በውኃ የተዘጋጀ ቅባት ይታዘዛል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ከጉዞው በፊት የሕመምተኛው ሁኔታ የተረጋጋ መሆኑ ይረጋገጥ። በማዘዣው ላይ ለእረፍት፣ ለእንቅስቃሴና ለእንቅልፍ የተለያየ ፍሰት፣ የሙሌቱ ግብ፣ እንዲሁም የሚሄድበት ቦታ ከፍታ ይጻፍ። በመንገዱ ላይ በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ ያሉት ሆስፒታሎች ኦክስጅን እንዳላቸው አስቀድሞ በስልክ ይጠየቅ። አብሮት የሚጓዘው ሰው ሲሊንደር መለወጥና ግፊት ማንበብ ይማር። የደጋው ብርድ ብቻውን የግፊት ንባቡን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርገውም ይነገረው፤ ሆኖም ንባቡ በፍጥነት ከወረደ መፍሰሻ ይፈለግ። ሙሌቱ ከግቡ በታች ሆኖ ከቀረ፣ ሕመምተኛው ግራ ከተጋባ ወይም ከወትሮው በላይ እንቅልፍ ከተጫነው፣ ጉዞው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይዞራል።

ስሌቱ ተሠርቶ ኦክስጅኑ የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ «አሁን አይቻልም» ማለት ተገቢ ነው። እንዲህ ሲሆን ዘመዶቹ ዝቅ ወዳለ ስፍራ ወርደው እንዲያገኙት መምከር ይቻላል። በቤቱም ቢሆን እስከ 15 ሜትር የሚረዝም ቱቦ ከአልጋ ተነሥቶ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ እንዲሞቅና ጎረቤቱን እንዲያነጋግር ያስችለዋል።