የወረቀት አደይ በፖስታ ስትጓዝ

ከቢጫ ወረቀት ስምንት የአበባ ቅጠል እቆርጣለሁ። እያንዳንዱን በእርሳስ ላይ ጠቅልዬ ጫፉን ወደ ላይ ቀለበስ አደርገዋለሁ፤ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ በኮላ እለጥፋለሁ። ከሥሩ ባለሁለት ገጽ የስፖንጅ ፕላስተር ሲገባ አደዪቱ ከካርዱ ገጽ ብድግ ትላለች፣ ጥላም ትጥላለች። በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ ጎረቤት ለጎረቤት ይዘን የምንዞረው ሥዕል ጠፍጣፋ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሰጥም ማሸጊያ አላስፈለገውም። ዛሬ ግን እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ አክስቴ ሲያትል ናት።

የመጀመሪያውን ካርድ በተራ ፖስታ ከትቼ፣ አንድ ቴምብር ለጥፌ ላክሁት። አክስቴ ደወለች። «ቅጠሎቹ ረግፈው ነው የደረሱኝ፤ ግድ የለም የኔ ልጅ፣ አንድ በአንድ ለቅሜ መስኮቱ ላይ ደርድሬአቸዋለሁ» አለችኝ። ካርድ መሥራት የሚያልቀው ጠረጴዛው ላይ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ተራ ደብዳቤ የሚለየው በማሽን ነው። ማሽኑ በሰዓት ከ30,000 በላይ ደብዳቤ ያሳልፋል። እያንዳንዱ ፖስታ በጠባብ ቀበቶዎች መካከል ተጣብቆ፣ ተሽከርካሪዎቹን እየዞረና እየታጠፈ ይከንፋል። ጠፍጣፋ ወረቀት ይህን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ፖስታ ግን እብጠቱ ላይ ይያዛል፤ ጌጡ ይደቃል ወይም ወረቀቱ ይቀደዳል፤ አንዳንዴም ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ይዞ ይቆማል።

ስለዚህ ደንቡ በውፍረት ላይ ጥብቅ ነው። በደብዳቤ ዋጋ የሚሄድ ፖስታ ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ ፈቀቅ ካለ ውፍረት መብለጥ የለበትም። መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኞች ስንጥቅ ያለው የፕላስቲክ መለኪያ አላቸው፤ እኔም ከካርቶን ቆርጬ አንድ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ስሌቱ ቶሎ ይሞላል፦ የታጠፈው ካርድ 1 ሚሊሜትር ያህል፣ ስፖንጁ 2፣ የተቀለበሱት ቅጠሎች ሌላ 3። በእንግሊዝ ወሰኑ ይብስ ይጠባል፤ ከ5 ሚሊሜትር ያለፈ ፖስታ እንደ ትልቅ ደብዳቤ ይከፈልበታል። አሜሪካ ውስጥ ከሩብ ኢንች በታች ቢሆንም እንኳ ጎርበጥባጣ ወይም ግትር የሆነ ፖስታ ተጨማሪ ያስከፍላል። ቁመቱና ወርዱ እኩል የሆነውም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ ላዩን ከታቹ አይለይምና። ለእንዲህ ዓይነቱ ከ2010 ጀምሮ ቢራቢሮ ያለበት ቴምብር ይሸጣል፤ ደብዳቤው ከ1 አውንስ፣ ማለትም ከ28 ግራም ካልበለጠ ተጨማሪውን ሒሳብ ይሸፍናል።

አበባው ከፍ ያለ እንደሆነ ግን ቴምብር አያድነውም፤ የሚያድነው ክፈፍ ነው። ካርዱን የሚያህል ካርቶን እወስድና መሐሉን ከአበባው በጣት ወርድ አስፍቼ እቀዳለሁ። አንድ ካርቶን ካልበቃ ሁለተኛ እደርባለሁ፣ ክፈፉ ከአበባው እስኪበልጥ ድረስ። ካርዱ ላይ ሳስቀምጠው አደዪቱ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች፤ ከላይ ሌላ ካርቶን አለብሳታለሁ። ከዚያ በመዳፌ እጫነዋለሁ። ጭነቱ ሁሉ ክፈፉ ላይ ካረፈ መንገዱን ይችላል። ብዙ ሰው ባለ አየር ፕላስቲኩን በቀጥታ አበባው ላይ ይጠቀልላል፤ እኔ አልወደውም፣ ጭነቱን ቅጠሎቹ ላይ ያሳርፋል። ከካርቶኑ ውጭ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። እንዲህ የታሸገ ካርድ ስለማይታጠፍ በጥቅል ዋጋ ይሄዳል። ይወደዳል፤ በምትኩ የመከታተያ ቁጥር ያገኛል።

በደብዳቤ ዋጋ ልላክ ላለ ሰው የጥንቱ ብልሃት አለ። በማሳቹሴትስ ዉስተር የምትኖር ኤስተር ሃውላንድ የምትባል ወጣት፣ በ1847 ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ የፍቅረኞች ቀን ካርድ መሥራት ጀመረች። ወንድሟ ናሙናዎቿን ይዞ ሲወጣ የ200 ዶላር ትእዛዝ ተስፋ አድርጋ ከ5,000 ዶላር በላይ ይዞላት እንደተመለሰ ይነገራል። ዳንቴል የመሰለውን ወረቀት ከገጹ ከፍ የምታደርገው በትንንሹ እንደ አኮርዲዮን በታጠፈ ወረቀት ነበር። እንዲህ ያለው እጥፋት ሲጫኑት ይተኛል፣ ሲለቁት ይነሣል። አሁን ለቀጫጭኖቹ ካርዶች በስፖንጅ ፋንታ የምጠቀመው እሱን ነው።

አድራሻውን ካርዱ ከመግባቱ በፊት ባዶው ፖስታ ላይ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ጫፍም አበባ ያደቃል። አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ፖስታ ሣጥን ቁጥሩን አትርሱ፤ ስልክ ቁጥርም ጨምሩበት። ጥቅሉ ከሣጥኑ ከሰፋ ተቀባዩ ፖስታ ቤት ሄዶ መረከቡ ነው። እኔ ለእንቁጣጣሽ የሚደርሰውን ሐምሌ ላይ እልካለሁ።