የመጀመሪያ ዲግሪና የሥራ ዕድል፦ ቀጣሪው ማን ነው?



የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር «የትኛው ዲግሪ ሥራ ያስገኛል?» ተብዬ እጠየቃለሁ። እኔ ግን ጥያቄውን «ምሩቁን የሚቀጥረው ማን ነው?» ብዬ ልለውጠው እወዳለሁ። በዚህ መለኪያ ዲግሪዎችን በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው እንደ ነርሲንግና ፋርማሲ ያለው ነው። ሥራው የሙያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የሌላ ትምህርት ምሩቅ አይሻማበትም። ሆኖም ዋናው ቀጣሪ መንግሥት በመሆኑ በጀት ሲያጥር ቅጥሩም ያጥራል።

ሁለተኛው ምሕንድስና ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ በመወሰኑ ምሩቁ በዝቷል፤ ሥራው ግን የኢንቨስትመንትን ፈለግ ይከተላል። በክልላችን ጉባ ላይ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውን የሕዳሴ ግድብ ተመልከቱ፤ በግንባታው ዘመን ሲቪል መሐንዲስ በብዛት ይፈለጋል፤ ኃይል ማመንጨት ሲጀምር ደግሞ ተፈላጊው የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ባለሙያ ነው።

ሦስተኛው አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ ነው። ከባንክ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በሩ ብዙ ነው፤ ተሰላፊውም እንደዚያው። እዚህ ምሩቅን ከምሩቅ የሚለየው ተጨማሪ ችሎታ ነው፤ አሶሳ ውስጥ የበርታን ወይም የጉሙዝን ቋንቋ ማወቅ ከዚያ ይቆጠራል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናን ያላለፈ አይመረቅም። ስለዚህ ቀጣሪውን ለይታችሁ፣ በርትታችሁ ልትዘልቁበት የምትችሉትን ምረጡ።