የዶርዜ መንደር ኑሮና የዱቡሻ አስተዳደር

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፥ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ በሚወጣበት ተራራ ላይ የዶርዜ አገር ይገኛል። ከተማይቱ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቆላ የተመሠረተች ስትሆን፥ ዶርዜ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ብርዳማ ደጋ ነው። የአየሩ ጠባይ እንዲህ ይለያይ እንጂ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የዶርዜ ሰው ጧት ከመንደሩ ወርዶ በከተማ ጉዳዩን ፈጽሞ ማታ ከቤቱ ለመግባት ይችላል።

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት አስተዳደር ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው ማኅተምና መዝገብ ያለው የመንግሥት ቀበሌ ነው። ሁለተኛው ዱቡሻ የሚባለው የሕዝብ ጉባኤ ሲሆን፥ ይህኛው ጽሕፈት ቤትም ደመወዝተኛም የለውም። ደመወዝተኛና ወታደር የሌለው ጉባኤ ቃሉ የሚከበርለት በምን ኃይል ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

፩. ስለ አገሩ ኑሮ

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራ ረዥም ቤት ነው። ከፊቱ ወጣ ያለው መግቢያ የዝሆን ኩምቢ፥ ከላይ ያሉት ሁለት መተንፈሻዎችም የዝሆን ዓይን ይመስላሉ። የቤቱ እግር በምስጥ በተበላ ጊዜ የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል፤ ስለዚህ ቤቱ ባረጀ ቍጥር ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል። ባለቤቱ ሥፍራ ለመለወጥ ሲያስብ ደግሞ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው በትከሻቸው ተሸክመው ያዛውሩለታል። ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ መኖር የጨዋነት ምልክት ብቻ ሳይሆን ለኑሮ ግድ የሆነ ነገር መሆኑን ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

በየቤቱ ዙሪያ የእንሰት ተክል አለ። እንሰቱን የሚፍቁትና በጉድጓድ ቀብረው ቆጮ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ከቆላ የሚመጣውን ጥጥም የሚፈትሉት እነርሱ ናቸው። ወንዶች ገብስና ስንዴ ያርሳሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የታወቁት በሽመና ነው። መሬቱ ጠባብ ሕዝቡም ብዙ ስለሆነ፥ ሸማኔዎቹ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ሲፈልሱ ኖረዋል፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በተባለው ሠፈር የሚኖሩት ለዚህ ምስክር ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በሰው አገር ከሠሩ በኋላ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ መንደራቸው ይመለሳሉ። መስቀል በዶርዜ ከበዓልነቱ በላይ የዘመን መለወጫና የሹመት ወቅትም ነው።

፪. ስለ ዱቡሻ

ደጋው የጋሞ ምድር ከ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በፊት በአንድ ንጉሥ ሥር አልነበረም፤ ዴሬ በሚባሉ አርባ ያህል አገሮች ተከፍሎ ይኖር ነበር። እያንዳንዱ ዴሬ የራሱ ወሰን፥ የራሱ ሹማምንትና የራሱ ጉባኤ ነበረው። ዶርዜም ከነዚህ አንዱ ነው።

ዱቡሻ ማለት ጉባኤው ብቻ ሳይሆን ጉባኤው የሚቀመጥበትም ሜዳ ነው። በየሠፈሩ ትንንሽ ዱቡሻዎች አሉ፤ ለመላው አገር ጉዳይ ደግሞ ትልቁ ዱቡሻ ይሰበሰባል። ሸንጎው በሽማግሌዎች ምርቃት ይከፈታል፤ ተናጋሪውም ተራውን ጠብቆ አስቀድሞ መርቆ ይናገራል። ድምፅ አይቆጠርም፤ ነገሩ የሚያልቀው ሁሉም ሲስማማ ነው። ካልተስማሙ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። የወሰን ክርክር፥ የጠብና የደም ነገር፥ የበዓል ቀንና የግጦሽ ጉዳይ የሚታየው በዚህ ነው።

የጉባኤው ቃል የሚጸናው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከኅብረተሰቡ መለየት ነው። እምቢተኛ የሆነውን ሰው ጎረቤቱ እሳት አይሰጠውም፤ ለሥራ አያግዘውም፤ ለቀብርም አይደርስለትም። ሁለተኛው ጎሜ የሚባለው እምነት ነው። ወጋን፥ ማለት የአገሩን ሕግና ልማድ፥ የጣሰ ሰው ጎሜ ያገኘዋል፤ በሽታ፥ የሰብል ጥፋት፥ የከብት ሞት በራሱ ወይም በዘመዶቹ ላይ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ የአንዱ ጥፋት የሌላው መከራ ስለሚሆን፥ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጠባይ የሚከታተልበት ምክንያት አለው።

ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ ከአርባ ምንጭ ብዙ ሳይርቅ በድንጋያማ ተራራ ላይ የሚገኘውን የኦቾሎን መንደር አጥንቶ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፥ ሥልጣን ያለው በአንድ ሰው ሳይሆን በመሰብሰቢያው ሥፍራ መሆኑን አስረድቷል። የዶርዜም ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም።

፫. ስለ ካዎና ስለ ሀላቃ

ሹመቱ ሁለት ሥር አለው። አንደኛው ትውልድ ነው። ካዎ የሚባለው በዘር የሚወርስ ሹም ሲሆን፥ ዋና ተግባሩ ስለ አገሩ መሥዋዕት ማቅረብ ነው። በየቤተ ዘመዱም የበኵር ልጅ ስለ ታናናሾቹ እንዲሁ ያደርጋል። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ካዎ ጉባኤውን ትቶ ብቻውን አያዝም።

ሁለተኛው የጉባኤ ምርጫ ነው። በዚህ መንገድ የሚሾመው ሀላቃ ይባላል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በዶርዜ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት፥ ጉባኤው ሀብት ያፈራውን ሰው መርጦ ሀላቃ ያደርገዋል፤ ሹመቱም በታላቅ ድግስ ይፈጸማል። ድግሱ ለዓመታት የተጠራቀመውን ጥሪት የሚጨርስ ስለነበረ፥ ብዙ ሰው ከምርጫው ለመሸሽ ይሞክር ነበር። ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ጥናት ደጋሹን ስለ «መያዝ» የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ሀላቃው ራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት፥ የሰጎን ላባ ሰክቶ በመስቀል ሰሞን በገበያው መካከል ይዞር ነበር። ዳን ስፐርበር የተባለው ሊቅ ይህን በራስ ላይ የሚደረግ ቅቤ ምክንያት አድርጎ ስለ ምልክቶች ትርጕም የጻፈው መጽሐፍ በዓለም ታውቋል።

የሹመቱ ጠባይ ከዚህ ላይ ይገለጣል። በሌላ ሥፍራ ሹመት ሀብት ያመጣል፤ በዶርዜ ግን ሀብት ወደ ሹመት ይወስዳል፤ ሹመቱም ሀብቱን መልሶ ለሕዝብ ያከፋፍላል። ሀላቃው በዘመኑ ልዩ ልዩ ክልከላዎችን እየጠበቀ የጉባኤውን ቃል ያስፈጽማል እንጂ በገዛ ፈቃዱ አይፈርድም። ስለዚህ ሹመት ሰውየውን በመንደሩ ላይ የሚያነግሥ ሳይሆን ለመንደሩ የሚያስገዛ ነው። ዲና ፍሪማን በጎረቤት አገር በዶኮ ባደረገችው ጥናት፥ በሽመናና በንግድ የበለጸጉ ወጣቶች መምጣት የዚህን ሹመት ሥርዓት እንደ ለወጠው አሳይታለች።

፬. ከዱቡሻ ውጭ ስለ ነበሩት

ይህን ሥርዓት የሕዝብ ሸንጎ ብሎ ማመስገን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «ሕዝብ» የተባለው ማን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። በጋሞ አገር ሙሉ መብት ያላቸው ማላ የሚባሉት ነበሩ። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች የእርሻ መሬት አልነበራቸውም፤ ከማላ ጋር አይጋቡም፤ በጉባኤም እንደ እኩያ ተቀምጠው አይናገሩም ነበር። የሚሠሩት ማሰሮ በየቤቱ ይገባ ነበር፤ እነርሱ ግን አይገቡም። ሴቶችም ምንም እንኳ የኑሮው ሸክም በትከሻቸው ቢሆን፥ የዱቡሻው ቃል የወንዶች ነበር። ኦልምስቴድ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታሪካቸውን የጻፈችላቸው የዲታዋ ባላባት ወይዘሮ ጪማቴ ጩምባሎ ከዚህ ልማድ ውጭ የታዩ ናቸው። እርሳቸውም የተነሡት በባላባትነት በኩል እንጂ በዱቡሻ ምርጫ አለመሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

፭. ከመንግሥት አስተዳደር ጋር ስለ መገናኘቱ

የዐፄ ምኒልክ ጦር በ1890 ዓ.ም. አካባቢ አገሩን ከያዘ በኋላ፥ ካዎዎቹ ባላባት ተብለው ግብር አስገቢዎች ሆኑ፤ ከበታቻቸውም ጭቃ ሹም ቆመ። ዱቡሻው ግን የውስጡን ነገር ማየቱን አልተወም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ ባላባትነት ቀረ፤ የገበሬ ማኅበርም ተቋቋመ። አዋጁ ለሸክላ ሠሪውና ለቆዳ ፋቂው የመሬት መብት የሰጠ በመሆኑ ታላቅ ነገር ነበር፤ በዚያው ዘመን ግን የሀላቃ ድግስና ሌላውም ሥርዓት እንደ ኋላ ቀር ልማድ ተነቀፈ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋትም መሥዋዕቱን ከብዙ ሥፍራ አስቀርቷል።

እንዲህ ሁሉ ሆኖ ሥርዓቱ ከነሥሩ አለመነቀሉ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታየ። በቡራዩና በአካባቢዋ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ልማድ ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ ሲለምን ያንን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ስለዚህ ወጣቶቹ ተመለሱ። የቀበሌ ማኅተምም ሆነ የጦር መሣሪያ ሊያደርገው የሚያስቸግረውን ነገር፥ ሣር የያዘ ሽማግሌ በከተማ መካከል አደረገው።

ዛሬ ዶርዜ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጋሞ ዞን ውስጥ ነው። ግብርና መዝገብ የቀበሌ ነው፤ ዕርቅና ምርቃት የሽማግሌ ነው። ሁለቱ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም። ቀበሌው ለማናውም ለሴቲቱም በሕግ እኩል ስም አለው፤ ነገር ግን ቃሉ በሰው ልብ ውስጥ የዱቡሻን ያህል አይገባም። ዱቡሻው ይህ ኃይል አለው፤ ነገር ግን በቀድሞው ልማድ በሩን ለሁሉ አልከፈተም። ሕጉ የሰጠውን እኩልነት ሽማግሌዎቹ በሜዳው ላይ በምርቃት ቢቀበሉት፥ ማሰሮ ሠሪውም በገዛ አገሩ ጉባኤ ተቀምጦ ቢናገር፥ ዱቡሻ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጎድልበትም።