የጌዴኦ ዳገትና የአዲስ መኪና ምርጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በጌዴኦዋ ከተማ በዲላ አዲስ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው፣ ዐቅሙ ወደ ትንሽ አውቶሞቢል ቢመራውም ልቡናው ወደ ላንድክሩዘር መኮብለሉ እንደ ከንቱ ፍትወት ሊቆጠርበት አይገባም፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡሌ ወይም ወደ ኮቸሬ ገጠር የዘለቀ ሁሉ ዝናብ የጠጣው ቀይ አፈር ጎማን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃልና። በቡና ለቀማ ወራትማ፣ ቀዩ እሸት በተለቀመበት ዕለት ከመፈልፈያው ካልደረሰ ጣዕሙ ስለሚጎዳ፣ ጭቃ ውስጥ ማደር የዓመት ድካምን ያጎድላል።

ተራ መኪና ሲሰምጥ ኃይሉ ሁሉ በሚንሸራተተው ጎማ በኩል ያመልጣል፤ መሬት የጨበጠው ጓደኛው ግን ይቆማል። ባለ አራት ጎማ ነጂው ኃይሉን ለፊትም ለኋላም አካፍሎ፣ በከባዱ ማርሽ እየታገዘ ይወጣል።

ይሁን እንጂ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ የአዲስ መኪና ፈላጊ ዐይን ወደ ኤሌክትሪክ መዞሩ ግድ ሆኗል። እኔ ይህን መኪና አልንቀውም፤ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሣ ብርቱ ነው፣ ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ ሲወርድም ፍሬኑ ለባትሪው ኃይል ይመልስለታል። ብቻ ገዢው ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ጎንበስ ብሎ ሆዱ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ባትሪው ከድንጋይ በምን እንደተጋረደ፣ ኃይሉም ለሁለት ጎማ ይሁን ለአራት ይመርምር። የዘወትር መንገዱ ከዲላ በወናጎ እስከ ይርጋጨፌ ያለው አስፋልት ከሆነ፣ ቀላሉን ገዝቶ ለለቀማው ወራት ብርቱውን ቢከራይ ይሻለዋል።