የሸረሪቷ ልክ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በፎቶ የሚተዳደር ሰው ካሜራውን ወደ ሙሽሮች ወይም አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ወደሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎች ያዞራል። የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው። ማለዳ፣ ሐይቁ ንፋስ ሳያነሳ ግን ቄጠማው ሥር ተንበርክኬ ዘላይ ሸረሪት እፈልጋለሁ።

የምሸሸው ንፋሱን ነው፤ ብርሃኑንስ ከፍላሽ አገኘዋለሁ። ማክሮ ሌንስ አንድ ለአንድ ሲያነሳ፣ የ3 ሚሊ ሜትር ሸረሪት 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነው ሴንሰር ላይ የምትይዘው ያንኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሴን ገልብጬ በማራዘሚያ ቀለበት አስረዋለሁ። እጥፍ ሲጎላ ጠርቶ የሚወጣው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዓይኗ ከጠራ እግሯ ይደበዝዛል። አፐርቸሩን አጥብበው ቢሉኝ፣ አንድ ለአንድ ላይ እንኳ 11 ያልኩት እንደ 22 ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በላይ ካጠበብኩት ምስሉ በሙሉ ይደክማል።

ሸረሪቷን ፍሪጅ ከትተው፣ ስትደነዝዝ ብዙ ፎቶ አንስተው የሚደራርቡ አሉ። እኔ አልወደውም። ዘላይ ሸረሪት ከፊት ያሉት የሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ ሌንስ አይንቀሳቀስም፤ የሚዞረው ውስጡ ያለው ሬቲና ነው። ፊቷን ሳታዞር ዓይኗ ሲፈካ ሲጠቁር ይታያል። ድቅድቅ ብሎ የጠቆረ ጊዜ እኔን እያየች ነው፤ ያኔ እጫናለሁ። ይህን ከደነዘዘች ሸረሪት ማን ያገኘዋል?

ፎቶው ታትሞ ሲሰቀል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዲት እናት ክንድ የሚያህለውን ምስል አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ እኛ ሐይቅ ዳር ነው ያለችው? ልጆቹ እኮ እዚያ ነው የሚጫወቱት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፎቶው እያንዳንዱን ፀጉሯን አሳይቶ ልኳን ደብቋል። ስለዚህ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ርቀት አንድ የጤፍ ፍሬ አንስቼ ጥጉ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ጤፍ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ የማያውቃት የለም። ማስመሪያ ብለጥፍ ማንም አያነበውም ነበር።

አሁን የቀረኝ ቲማቲም የሚያደርቀው ማይት ነው። የሸረሪት ዘመድ ነው፤ ድርም ያደራል። ሴቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብታክል ነው። ለእሷ ጤፏም ትልቅ ሆናብኛለች።