የበግ መንጋን ከቀበሮ ስለ መጠበቅ

በአማርኛ ቀበሮ የሚለው ቃል የአንድ አውሬ ስም ብቻ አይደለም። በቆላውና በስምጥ ሸለቆው የሚገኘው ባለ ጥቁር ጀርባ፤ በደጋ እርሻ ጥግ ሲመሽ የሚጮኸው ግራጫማው፤ ምስጥ እየለቀመ የሚኖረው ጆሮ ትልቁ፤ በውርጭ አገር ሣር ውስጥ አይጥ የሚያድነው ቀዩ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። የስሙ መተባበር ለጨዋታ ጕዳት የለውም። በግ በጠፋበት ቀን ግን የአንዱ ጥፋት በሌላው ላይ እንዲፈረድ ምክንያት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምናመለክተው ነገርም ይኸው ነው፤ ይኸውም ቀበሮን በሕግና ያለ ጭካኔ ከመንጋ ለማራቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የትኛው ቀበሮ እንደ ሆነ መለየት ይገባዋል ማለት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የስም መደባለቅ በእኛ አልተጀመረም። በመጽሐፈ መሳፍንት ሶምሶን ጅራታቸውን ያስተሳሰራቸው ሦስት መቶ ቀበሮዎች የትኛው ዐይነት እንደ ነበሩ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የዕብራይስጡ ቃልም እንደ አማርኛው ከአንድ በላይ አውሬ ይሸፍናልና። የውጭ አገር ሰዎችም ቢሆኑ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ19ኛው ምዕት ዓመት በሰሜን ተራራ አግኝቶ ለሳይንስ ያስታወቀውን ቀይ ቀበሮ ለብዙ ጊዜ «የሰሜን ቀበሮ» ሲሉት ኖረው፤ በ1990ዎቹ ዓመታት የዘሩ ምርመራ ከተኩላ ወገን መሆኑን ባስረዳ ጊዜ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ወደሚለው አዘነበሉ። የደጋው ግራጫማ ቀበሮም እንዲሁ በ2015 በታተመ የዘር ጥናት ከእስያው ቀበሮ ተለይቶ ወደ ተኩላ የሚቀርብ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የመንዝን ደጋ እንውሰድ። በዚያ አገር ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ ስለዚህ የገበሬው ቍጠባ በጉ ነው። ለመድኃኒት፣ ለዘር መግዣ፣ ለተዝካር የሚሸጠው ወይም የሚታረደው እርሱ ነው፤ ከጠጕሩም ባናና በርኖስ ይሠራል። አምስትና ስድስት በግ ብቻ ላለው ቤት የአንድ ግልገል መጥፋት ትንሽ ነገር አይደለም። «አውሬውን አትግደል» የሚል ምክር ይህን ካልተረዳ በገበሬው ጆሮ ባዶ ቃል ነው።

ታዲያ በጉን የሚበላው ማን ነው? ስለ ቀይ ቀበሮ አመጋገብ በባሌ ተራሮች የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳው ከምግቡ እጅግ የሚበልጠው ፍልፈልና የሣር አይጥ ነው። በመንዝ ጓሳም የሚያድነው በዋናው አይጥ ነው። በዚያው በጓሳ እንዲያውም በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል እየተመላለሰ ሲያድን ዝንጀሮዎቹ አይሸሹትም። በ2015 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው በዝንጀሮዎቹ መካከል ካደረጋቸው ሙከራዎች ከመቶ 67 ያህሉ ሲሳኩለት፤ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት ከመቶ 25 ያህሉ ብቻ ነው። በከብት መንጋ መካከልም እንዲሁ ተከልሎ አይጥ ያድናል። እረኛ ከሩቅ ሲያየው ግን ወደ ከብቱ የተጠጋ አውሬ እንጂ አይጥ የሚያድን አውሬ አይታየውም።

እዚህ ላይ የኦሮምኛው ስም ብዙ ያስተምራል። ቀይ ቀበሮን ኦሮሞዎች ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ልትወልድ የተቃረበችውን ባዝራ ወይም ላም እየተከተለ እንግዴ ልጁን ስለሚበላ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። በአማርኛ ዋልጌ የሚል ስምም ተመዝግቦለታል። ሁለቱን ስሞች ብናነጻጽር፤ አንደኛው አውሬው የሚሠራውን ሲናገር ሁለተኛው የሰውን ቅሬታ ይናገራል። በወሊድ ሰዓት ከባዝራዋ ኋላ የታየ አውሬ ውርንጭላው ሞቶ በተገኘ ጊዜ ገዳይ ተብሎ መከሰሱ አይቀርም፤ ነገር ግን ውርንጭላው ሞቶ ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ስንል ቀይ ቀበሮ ግልገል ፈጽሞ አይነካም ማለታችን አይደለም፤ ጠባቂ የሌለውን ግልገል አንዳንድ ጊዜ ይወስዳል። ክሱ ከጥፋቱ እንደሚበዛ ግን ጥርጥር የለውም።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የሞተው በግ ቆዳ ሲገፈፍ በንክሻው ሥር ደም ተቋጥሮ ከተገኘ በጉ የተነከሰው በሕይወቱ ሳለ ነው፤ ደም ካልተቋጠረ ግን በበሽታ ወይም በብርድ ከሞተ በኋላ የተበላ ጥምብ ነው። ግራጫማው ቀበሮ አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ይይዛል፤ ከዚያም ከሆድ ጀምሮ ይበላል። ውሻ ግን ኋላ እግርና ታፋ እየቦጨቀ፤ ሳይበላም ብዙውን አቍስሎ ይሄዳል። ይህን የመሰለ ሥራ በሌሊት በበረት አጠገብ ሲገኝ ጌታ የሌለውን ወይም ጌታው የማያበላውን የመንደር ውሻ መጠርጠር ይገባል። ሰዓቱም ምስክር ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ምንም እንኳ ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ወደ ማታ እንደሚያዘነብል የታወቀ ቢሆን።

መጠበቂያውን በሚመለከት የአገራችን ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አብዛኛው ትክክለኛ ነው። በጎች ማታ በድንጋይ ካብ ወይም በእሾህ አጥር በታጠረ ጉረኖ ወይም በቤቱ ምድር ይዘጋባቸዋል። የካቡ ጕድለት ብዙ ጊዜ በቁመቱ ሳይሆን በሥሩ ነው፤ ቀበሮ መዝለልን ከመሞከሩ በፊት የሚሾልክበትን ቀዳዳ ይፈልጋልና፤ ሥሩን በትልልቅ ድንጋይ መድፈን ከላይ እሾህ ከመጨመር ይልቅ ይጠቅማል። ልትወልድ የደረሰች በግ ከመንጋው ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ አትሰደድም፤ ግልገሉም ጠንክሮ እናቱን እስኪከተል በቤት ይቆያል። እንግዴ ልጅና ጥምብ ከመንደር ራቅ ተደርጎ በጥልቅ ይቀበራል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይሁን እንጂ ቀበሮን ወደ ጉረኖው መመላለስ የሚያለምደው በደጅ የተጣለ ጥምብ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው እረኛ ነው። ወንጭፍና ጅራፍ የያዘ ልጅ ባለበት ቀበሮ አይደፍርም፤ የተነካም ቢሆን ሳይሞት ይሸሻል። ነገር ግን እረኛው ልጅ ዛሬ ተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት ቀርቶ በግ ይጠብቅ የሚል ሰው አይኖርም። ስለዚህ ጎረቤቶች መንጋቸውን አንድ ላይ ነድተው በየተራ ማስጠበቃቸው ይሻላል።

ስለ ውሻ መናገር ከሌላው ይልቅ ያስቸግራል። ውሻ የገበሬው ርካሽ ዘበኛ ነው። ነገር ግን በደጋው ብዙው ውሻ እንደ ልቡ ይዞራል፤ ምግቡንም ራሱ ይፈልጋል፤ የእብድ ውሻን በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚያሻግረውም እርሱ ነው። በባሌ በ1991ና በ1992 የደረሰው ወረርሽኝ ብዙውን ቀይ ቀበሮ ፈጀ፤ በ2003ና በ2004ም በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ሞቱ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ሁሉ የለም፤ የቀረውም ከ500 ያነሰ ነው። ይኸው በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። በዚህ ምክንያት ውሻ ማሳደግ ቢያስፈልግ በቍጥር ጥቂት፣ የተከተበ፣ ከቤት የሚበላና ማታ ከጉረኖው የማይርቅ ይሁን። ይህ አውሬውን ብቻ ሳይሆን ልጆችን የሚመለከት ጕዳይ ነው።

መግደሉስ? በስጋ ውስጥ የሚጨመር መርዝ የታሰበለትን አይመርጥም፤ ጥምብ አንሳውን፣ የጎረቤትን ውሻ፣ ቀይ ቀበሮውንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ አሟሟቱም በጣዕር ነው። ወጥመድም እንዲሁ የያዘውን ለይቶ አያውቅም። ጥቅሙም አጠራጣሪ ነው፤ ቀበሮ ስፍራውን ከሌላ ቀበሮ የሚከላከል አውሬ ስለ ሆነ ባለ ስፍራው ሲገደል እንግዳው ይገባበታል። በደቡብ አፍሪቃ ለእያንዳንዱ የተገደለ ቀበሮ ሽልማት ሲከፈል ብዙ ዘመን አልፏል፤ ቀበሮው ግን እስከ ዛሬ ከበግ አርቢዎቹ ጋር አለ። ሕጉን በተመለከተ በ1974 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ደንብ ቀይ ቀበሮን ሙሉ በሙሉ ከሚጠበቁት መድቦታል፤ በ2007 የወጣው አዋጅ ቍጥር 541ም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። መንጋን ማጠር፣ መጠበቅና አውሬን ማባረር ግን ማንንም ፈቃድ አያስጠይቅም። ከዚህ ያለፈ ችግር የገጠመው ሰው ለወረዳው ባለ ሥልጣን ማመልከት እንጂ በራሱ ፍርድ መስጠት የለበትም።

መንዝ ሌላም ነገር ያሳየናል። የጓሳ ሣር ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ፤ አስቦና ገራ ከተባሉ ቀደምት አባቶች ሲወርድ እንደመጣ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ግጦሹ ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበትንም ቀን አባ ቄራው ከሕዝቡ ጋር ይወስናል። ሥርዓቱ የታሰበው ለሣሩ እንጂ ለቀበሮው አልነበረም፤ ሣሩ ሲድን ግን አይጡ ዳነ፤ አይጡ ባለበትም ቀዩ ቀበሮ በግ ሳያስፈልገው ኖረ። በ1975 የመሬት ይዞታ ሲለወጥ ቄሮ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹ ግን በሌላ መልክ በኮሚቴ አቋቋሙት፤ በ2012ም ስፍራው በሕዝብ የሚጠበቅ ሆኖ በክልሉ ሕግ ታወቀ።