ሽርጥህንም አፍህንም አጥብቀህ ያዝ!

ይኸውላችሁ፣ ጓደኛዬ ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ ከተማ ነው። መርካቶን ከነጉራንጉሯ የሚያውቅ፣ ከጂንስ ሱሪ ውጪ ልብስ ያለ የማይመስለው አራዳ። ከአንዲት የድሬዳዋ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ከረሙ። ነገሩ ሲጠና ልጅቷ "በል ቤተሰቦቼን መጥተህ ተዋወቅ" አለችው። ሄደ።

የድሬን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ እንግዳ ነው ብሎ አይምርም። ምሳ ተበልቶ ካበቃ በኋላ አባትየው ከጓዳ አንድ ያልተነካ ሽርጥ ይዘው ወጡና "እንካ ልጄ፣ ሱሪህን ቀይርና አረፍ በል" አሉት። የኛ ጀግና ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኧረ አባባ፣ እኔ ቀሚስ አልለብስም!" ብሎ ሳቀ።

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። አባትየው ራሳቸው ሽርጥ ነው ያገለደሙት። አጎቶቿም እንደዚያው። አባትየው ምንም ሳይሉ ሽርጡን መልሰው አጣጥፈው ወደ ጓዳ አስገቡት። ልጅቷ ማታ ስትሸኘው "አባቴን ቤቱ ድረስ መጥተህ ሴት አልከው" አለችው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሳችም።

ታዲያ ወዳጄ ጨንቆት ወደኔ መጣ። እኔ ደግሞ ቤት ስገባ ሽርጥ ካላገለደምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ይዤው ወደ ዱባይ ተራ ወረድን። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ነጋዴ ዘንድ ገብተን ጉዳዩን ስንነግራቸው መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉና "ልጄ፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል አልሰማህም?" አሉት። ከዚህ በታች የምታነቡት ከእሳቸው የተማርነውን፣ እኔም ወድቄ ተነስቼ ያገኘሁትን ነው።

"ቀሚስ" ነው እንዴ?

ሽርጥ የፋራ ነው የምትሉ ልጆች እስቲ አንዴ ስሙኝ። አፋር ውስጥ ሳናፊል ይሉታል። ወንዱ ወገቡ ላይ አገልድሞ፣ ጊሌውን ከላዩ ታጥቆ ይሄዳል። ሱማሌው ማአዊስ ይለዋል። ከሐረር እስከ ከሚሴ ስንቱ አባወራ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን ጥሎ የሚያርፍበት ልብስ ነው። ዳናኪል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚል መሬት ነው። እዚያ ጂንስ ለብሳችሁ አንድ ቀን ዋሉና ማን ፋራ እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ! ባሕር ተሻግራችሁ ብትሄዱም ያው ነው። የመን ወንዱ ያገለድማል። ሕንድ ሉንጊ ይሉታል፣ ኢንዶኔዥያ ሳሩንግ። ተራው ስሙን የተዋሰባት ዱባይ ራሷ እንኳ ነጩን ረጅም ልብስ የለበሰው ሰውዬ ከሥር የሚያገለድመው ዊዛር የሚባል ጨርቅ ነው።

ፈረንጅስ? የስኮትላንድ ወንዶች ኪልት የሚሉት ባለ ካሬ የሱፍ ልብስ አላቸው። ፊቱ ልሙጥ፣ ኋላው ሽንሽን፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። የእንግሊዝ መንግሥት አመፃቸውን ካዳፈነ በኋላ በ1746 እ.ኤ.አ. ይህን ልብስ በሕግ ከለከለ። ከወታደር በቀር ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰራል። ሁለተኛ ከተያዘ ባሕር ማዶ ለሰባት ዓመት ይጋዛል። ክልከላው የተነሳው በ1782 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሙሽራው ኩራት ኩራት እያለው በሠርጉ ቀን ይለብሰዋል። አያችሁ? ሰው ያሰረበትን ልብስ እንዲህ በቀላሉ "ቀሚስ" ብሎ መሳቅ ምን ማለት እንደሆነ!

ስትገዙ

አንደኛ፣ የወንድና የሴት ሽርጥ አለ። ካሬና መስመር ያለበት ባብዛኛው የወንድ ነው። አበባ አበባ ያለበት የሴት። ካላወቃችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ባለ አበባውን አገልድሞ አማት ቤት መግባት ነው!

ሁለተኛ፣ ወንዶች የሚገዙት ብዙውን ጊዜ ዳርና ዳሩ ተገጥሞ እንደ ከረጢት የተሰፋውን ነው። ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ወፈር ያላችሁ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ከሱሪያችሁ ላይ ለክታችሁ እዩት። ዙሪያው ከወገባችሁ በደንብ መትረፍ አለበት፤ ካልተረፈ የሚታጠፍ የለም፣ ካልታጠፈ ይወርዳል። ቁመቱ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ሲያበቃ ያምራል። መሬት የሚጠርግ ከሆነ መንገድ ላይ ራሳችሁ ረግጣችሁት ትወድቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ። ዱባይ ተራ ነው ያላችሁት።

ስትታጠቁ

አዲስ ሽርጥ ሳይታጠብ አትልበሱ። ከፋብሪካ ሲወጣ ጨርቁ ድርቅ ያለና የሚያንሸራትት ነው፤ ቋጠሮ አይዝም። እኔ ይህን ያወቅሁት ዱቤ ልጠይቅ ሰፈሬ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለ ነው… ዝርዝሩ ይቅር! አንዴ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ቀለሙ ሌላ ልብስ እንዳይነካ።

ከዚያ ውስጡ ገብታችሁ እስከ እምብርት ከፍ አድርጉት። የተረፈውን ጨርቅ ወደ አንድ ጎን ወጥራችሁ ያዙ። በሆዳችሁ ላይ አሻግራችሁ ወደ ሌላው ጎን እጠፉት። ከላይ ያለውን ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ጠቅልሉት። አለቀ! የሚይዘው ጥቅሉ ነው። ካላመናችሁ ቀበቶ ጣል አድርጉበት፤ ማንም አይስቅባችሁም። ከውስጥ ቁምጣ ወይም የውስጥ ሱሪ ልበሱ። የስኮትላንዱን ሰውዬ "ከሥር ምን ለብሰሃል?" ብሎ መቀለድ የተለመደ ነው። እናንተ ግን ጥያቄውን አትጋብዙ።

አታድርጉ!

እግራችሁን ከፍታችሁ አትቀመጡ። ቁጢጥ ስትሉ ጨርቁን በጉልበታችሁ መሀል ሰብስቡት። ደረጃ ስትወጡ የፊቱን ጠርዝ በአንድ እጅ ከፍ አድርጉ። ሞተር ሳይክል ላይ ስትወጡ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ሥር አስገቡ፤ ሰንሰለትና ጎማ ሽርጥ ይወዳሉ። ንፋስ ባለበት ሁለት እጃችሁን በዕቃ አትሙሉ። መላላቱ ከተሰማችሁ ሰው ፊት ፈትታችሁ አትሰሩ፤ ዞር በሉና አጥብቁ።

ቦታውንም እወቁ። ለቤት፣ ለሰፈር፣ ለእንግድነት፣ ለሚለብሱት ደግሞ አርብ ለጁምዓ ያምራል። ለሥራ ቅጥር ፈተና ግን ሱሪያችሁን ልበሱ፤ ፈታኙ እንደ ጓደኛዬ አራዳ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሰው የለበሰውን አይታችሁ አትሳቁ። መንገድ ላይ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ሲያልፍ የምትጠቋቆሙ ልጆች፣ ሰውዬው ያደገበትን ቤት ነው የምትጠቁሙት። ሽርጥ ሲወድቅ በአንድ እጅ ይነሳል። ቃል ግን አንዴ ከወደቀ መልሶ ማንሳቱ ይከብዳል።

መጨረሻውስ?

ጓደኛዬ ሁለት ሽርጥ ገዛ፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለአባትየው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ከሱሪው ላይ አምስት ስድስት ጊዜ እየታጠቀ ተለማመደ። ልንወጣ ስንል ነጋዴው ጠሩትና "ስማ ልጄ፣ እዚያ ስትደርስ አውቃለሁ እንዳትል። አባባ ያስታጥቁኝ በላቸው" አሉት።

እንደተባለው አደረገ። በር ላይ ይቅርታ ጠየቀ። አባትየው ያመጣላቸውን ተቀበሉና ዝም አሉ። ከምሳ በኋላ ያንኑ የመጀመሪያውን ሽርጥ ከጓዳ አወጡት። "ያስታጥቁኝ አባባ" አለ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ልጅ አስታጠቁት። ጨርሰው ወገቡን መታ መታ አደረጉና "አሁን ብትሮጥም አይወድቅ" አሉት።

የሠርጋቸውን ቀን ገና አልሰማሁም። ስልኩን ግን ታነሳለች።